ከደረጃ በታች

ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ፣ ከቦርከና ማዶ፣
ፋብሪካው ይውላል ጭሱን ወደ ሐረጎ ሽቅብ አሳድዶ።
እኔ መዳቢ ነኝ።
ክሮም የጠጣውን፣ ሰማያዊውን ቆዳ እገልጣለሁ፣
በግራ እጄ ወጥሬ በቀኝ እዳስሳለሁ።
አንደኛ። ሦስተኛ። ይኼ የእሾህ ጭረት፣
ይኼ የመዥገር ጥርስ፣ ይኼ የጅራፍ ምልክት።
እከክ ያበላሸው፣ ቢላ የሸረፈው፣
በጠመኔ ኤክስ ደረቱን የማልፈው፣
ስድስተኛ ይባላል። ከዚያ በታች ያለው
ስም እንኳ የለውም፤ በጋሪ ተጭኖ ጓሮ ነው የሚጣለው።

አባቴ አሊጋዝ መዝገብ አያውቅም ነበር።
ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ከገደሉ ዳር፣
አሥራ ሁለት ችካል ተክሎ ቆዳ ሲወጥር
ነው የማስታውሰው።
ፋቂ ነበር አባቴ። ሌላ ስም አልሰጠው፤
ጎረቤት ሲጠራው ምራቁን ነው የሚውጠው።

የጃርት እሾህ ይዞ፣ እንሶስላ በጥብጦ፣
ቀይ አፈርና ጥላሸት በቅቤ አላቁጦ፣
የጭረቱን ጫፍ ይዞ ቀስ ብሎ ይከተለዋል፤
እሾህ የቀደደውን፣ እሾሁን ራሱን ይስለዋል።
ቅጠል ያወጣለታል፣ አበባ ይጨምራል፣
መዥገር የበሳውን ከዋክብት ያደርጋል፤
ጅራፍ ያረፈበት መስመሩ መንገድ ይሆናል፣
መንገዱም ተጠማዝዞ ጦሳን ይወጣል።

«ለምን አትሸፍነውም?» አልኩት አንድ ቀን፣
ስምንት ዓመቴ ነው፣ ያፈርኩበት ዘመን።
እሾሁን ከጥርሱ አወጣና፣ ሳያየኝ፣
እንዲህ ነበር ያለኝ፦
«በጉ የዞረውን አገር ቆዳው ላይ ጽፎታል፤
ፊደል ባልቆጥርም ይኼ ይነበበኛል።
ሥጋውን በልተናል።
ተራራውንም ደግሞ ልንበላበት ነው?»

ለምዱን ግን ይወዱታል።
የዳውዶ ሙሽራ፣ በቅሎ የጫነ ሁሉ፣
ሐሙስ ሐሙስ ይልካል፤ «አንድ ለምድ አውሰን» እያሉ።
ትከሻው ላይ ጦሳ፣ ወገቡ ላይ ከዋክብት፣
ሙሽራው ሲያልፍ እልል ሲባልበት፣
አባቴ ከአጥሩ ሥር፣ ቆሞ፣ በቀዳዳ፣
የገዛ እጁን ያያል፣ በሰው ትከሻ ላይ ሲሄድ እንደ እንግዳ።
ከድግሱ አይጠራም። ሰኞ ጠዋት ለምዱ
በአጥር ይወረወራል፣
አንዳንዴ ወጥ ፈሶበት፣ አንዳንዴ ተበጥሶ ከገመዱ።
አጥቦ ይሰቅለዋል። ቀለሙን ይደግማል።
ስለዚህም ነገር ትንፍሽ ሳይል ያድራል።
(የበግ ለምድ ለባሽ ተብሎ ሲወራ ስለ ተኩላ፣
እኔን ትዝ የሚለኝ ያ የዳውዶ ሙሽራ ነው፣ ጮማውን ሲበላ።)

የመጨረሻው ለምድ ሰኞ ገበያ ሄደ፤
አባቴ በሞተ በወሩ፣ በሦስት መቶ ብር ከእናቴ እጅ ወረደ።
አሮጌ ዕቃ ሰብሳቢው፣ «ሥዕሉ ምንድን ነው?»
እናቴ ብሯን እየቆጠረች፣ «እኔ እንጃ። የበጉ ነው።»

ዛሬ ትጓደድ ከጋሪው ጠርታኝ፣
«እይው እስቲ» ብላ አንዱን አስጨበጠችኝ።
ከደረጃ በታች። ከአንገት እስከ ጭራ
አጋም፣ ቀጋ፣ ግራር፣ የሽቦ አጥር ጭምር፣ ተራ በተራ።
ይኼ በግ ብዙ አይቷል።
ጠመኔ አነሳሁ። ኤክስ ላደርግበት
ስል እጄ አመለጠኝ፤
የአንዱን ጭረት ጫፍ ይዞ ሄደ ሽቅብ፣ ያለ ትእዛዝ፣ ያለ ስልት።
አንድ ቅጠል ወጣ።
ሁለት ቅጠል።
ከዚያ ቆምኩኝ።
አበባው እንዴት ነበር? ከከዋክብቱ በፊት ስንት ቅጠል ይወጣል?
ኀፍረቴ ሲያልፍልኝ የሚጠየቀው ሰው የለም፤
ጣቴ ያውቀዋል እንጂ እኔ አላውቀውም።

«ደረጃው ስንት ነው?» አለ ተቆጣጣሪው፣ መዝገቡን ገልጦ።
ከሰማያዊው ቆዳ ላይ ነጩ ቅጠል አፍጥጦ፣
ጋሪው በር ላይ ቆሞ፣
«ቆይ» አልኩት።
«ገና ጦሳ ሥር ነኝ።»